ሳይቋጩ የሚቀሩ ተከታታይ ፊልሞች እና የሚንቀጠቀጠው ካሜራ

ባለፈው ክረምት ዝናብ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ጎንደር ፒያሳ ውስጥ በፍላሽና በሞባይል ፊልም ከሚጭኑት ትናንሽ ሱቆች ወደ አንዱ አስገባን። ቆመን ሳለ አንድ ተማሪ ፍላሹን በእጁ እንደያዘ «ጋሼ፣ ይሄኛው ያለቀ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ባለሱቁ ከኮምፒዩተሩ ቀና ሳይሉ «ሁለት ሲዝን ነው የኔ ልጅ፤ መጨረሻ የለውም። አይተህ ስትጨርስ መጥተህ እንዳትወቅሰኝ» አሉት። ልጁ ጥቂት አሰብ አድርጎ ፍላሹን ወደ ኪሱ መለሰና በዚያው ዝናብ ወጥቶ ሄደ። ሊያስጭን የመጣው በሕዋ መርከብ ውስጥ ስለታጎሩ ሰዎች የሚተርከውን «ስታርጌት ዩኒቨርስ» የተባለ የሳይንሳዊ ልቦለድ ተከታታይ ነበር።

ልጁን እንዲህ ያስጠነቀቀው ልምድ ነው። ሳይንሳዊ ልቦለድ የሚወድ ሰው ከሌላው የቴሌቪዥን ተመልካች ይልቅ ታሪኩ መሐል ላይ ሲቆረጥበት ኖሯል። ሸማኔ ሸማውን ሠርቶ ጫፉን ሳይቋጨው ቢሰጠን ማጉ ከዳር ጀምሮ እየተተረተረ ይሄዳል፤ ታሪክ «ተቋጨ» ወይም «ሳይቋጭ ቀረ» የምንለውም ከዚሁ ነው። የቤተሰብ ወይም የፍቅር ድራማ መሐል ላይ ቢቆም ተመልካቹ ቀሪውን በራሱ ይገምታል፤ ሰዎቹን ከጎረቤቱ ያውቃቸዋልና። የሳይንሳዊ ልቦለድ ዓለም ግን ሕጉም፣ ታሪኩም፣ ምስጢሩም በደራሲው እጅ ብቻ ያለ ነው። ደራሲው ሳይነግረን ከቀረ መርከቧ ወዴት እየተጓዘች እንደነበር የሚያውቅልን ሌላ ሰው የለም።

ማራኪ ሠፈር በተከራዩት ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰቡ ከሚያዩ ወዳጆቼ ጋር ስንከራከር ሁለት ነገሮች ደጋግመው ይነሣሉ፤ አንዱ የተቋረጡት ተከታታዮች ጉዳይ፣ ሌላው የቀረጻው ስልት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ተጣምረው እንደ ምክንያትና ውጤት ይቀርባሉ፤ ካሜራው ስለተንቀጠቀጠ ተመልካቹ ሸሸ፣ ተመልካቹ ስለሸሸ ተከታታዩ ተቋረጠ ይባላል። እኔም ለረጅም ጊዜ ከዚህ ወገን ነበርኩ። ጉዳዩን ቀረብ ብዬ ከመረመርኩት በኋላ ግን ይህ ክርክር ውኃ እንደማይቋጥር ተረዳሁ። ተከታታይ ፊልምን የሚያስቆመው የተመልካች አቆጣጠር፣ የባለቤትነት ውልና የወጪ ሒሳብ ነው፤ የቀረጻ ስልት ወደዚህ ሒሳብ የሚገባው በዋጋው በኩል እንጂ በመልኩ በኩል አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጁ ትቶት ከሄደው እንጀምር። «ስታርጌት ኤስጂ ዋን» ከ1997 እስከ 2007 በ10 ሲዝን 214 ክፍል የታየ ሥራ ነው። ታናሹ «ስታርጌት አትላንቲስ» ደግሞ ከ2004 ጀምሮ በ5 ሲዝን 100 ክፍል ደርሷል። በነሐሴ 2008 አትላንቲስ በአምስተኛው ሲዝን እንደሚያበቃ ተነገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሦስተኛው ተከታታይ፣ ዩኒቨርስ፣ እንደሚሠራ ታወጀ። የአትላንቲስ ወዳጆች የእነርሱ ተከታታይ ለአዲሱ ሲባል እንደተሠዋ ቆጠሩት፤ ስለዚህ ዩኒቨርስ ገና ሳይወለድ ቂም ተያዘበት። በጥቅምት 2009 ሲጀምር ደግሞ መልኩ እንግዳ ሆነ። በቀደሙት ሁለቱ ካሜራው የረጋ፣ ብርሃኑ የፈካ፣ ጨዋታውም ያልደበዘዘ ነበር። በዩኒቨርስ ካሜራው ትከሻ ላይ ወጣ፤ መርከቧ ጨለማ ሆነች፤ ውስጧ የታጎሩት ሰዎች እርስ በርሳቸው የማይተማመኑ፣ ወደ ቤታቸው መመለሻ ያጡ ስደተኞች ሆኑ። በታሪኩ ውስጥ እንኳ «ኪኖ» የምትባል በአየር ላይ የምትንሳፈፍ ኳስ መሰል ካሜራ አለች፤ ተመልካቹ አንዳንዱን ትዕይንት በእርሷ ዐይን ያያል።

ከዚያ በኋላ የሆነው በቅደም ተከተል ሲታይ ካሜራውን ለመወንጀል ያስቸግራል። መክፈቻውን ከ2 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን አዩት፤ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወረደ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ሲዝን በ2010 መጸው ሲጀምር፣ «ሳይፋይ» የተባለው ቻናል የስታርጌት ወዳጆች ለዓመታት የለመዱትን የዓርብ ምሽት ለነጻ ትግል ትርኢት ሰጥቶ ዩኒቨርስን ወደ ማክሰኞ አዛወረው። ማክሰኞ ማታ ታላላቆቹ ቻናሎች ብርቱ ዝግጅቶቻቸውን የሚያሰልፉበት ጊዜ ነው። በኅዳር 2010 ደግሞ የስታርጌት ባለቤት የሆነው ኤምጂኤም የተባለው የፊልም ድርጅት ዕዳው በዝቶበት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በታኅሣሥ መቋረጡ ታወቀ፤ በግንቦት 2011 አርባኛው ክፍል ታይቶ በዚያው ቀረ። ሁኔታው ከካሜራ ጋር የማይገናኝ ለመሆኑ ሌላም ማስረጃ አለ፤ በዚያው ጊዜ የረጋ ካሜራ የነበራቸው የኤስጂ ዋንና የአትላንቲስ ቀጣይ ፊልሞች ዕቅድም አብሮ ተሰርዟል።

ሌላ ማነጻጸሪያ ካስፈለገ «ባትልስታር ጋላክቲካ» አለ። ይህ በ1978 ጀምሮ አንድ ሲዝን ብቻ ኖሮ የተቋረጠ፣ በዘመኑ ለቴሌቪዥን ከወጣው ሁሉ ውድ ከሚባሉት የሚቆጠር ሥራ ነበር። በታኅሣሥ 2003 እንደ አዲስ ሲሠራ፣ አዘጋጁ ሮናልድ ሙር የቀረጻውን መንገድ አስቀድሞ በጽሑፍ ወስኖ ነበር። ካሜራው እንደ ዘጋቢ ፊልም በእጅ ይያዝ፣ በሰዎቹ መካከል ይግባ፣ የሚሆነውን አስቀድሞ ያወቀ አይምሰል የሚል ነበር አሳቡ። ውጤቱ ከዩኒቨርስ የባሰ እንጂ ያነሰ አይንቀጠቀጥም። ሆኖም ይህ ተከታታይ አራት ሲዝን ሄዶ፣ አዘጋጆቹ ራሳቸው በ2007 «የሚቀጥለው የመጨረሻችን ነው» ብለው አስታውቀው፣ በ2009 በፈለጉት ቦታ ቋጭተውታል። ቻናሉ ያው፣ ከተማው ያው ቫንኩቨር፣ ካሜራው ያው የትከሻ ካሜራ፤ ዕድላቸው ግን ለየብቻ ሆነ።

«ፋየርፍላይ»ም አለ። በመስከረም 2002 በፎክስ ቻናል ጀመረ፤ ከተቀረጹት 14 ክፍሎች 11ዱ ብቻ ታይተው በታኅሣሥ ወር ከአየር ላይ ወረደ። ቻናሉ ክፍሎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል አላሳየም፤ ሰዎቹን የሚያስተዋውቀው የመጀመሪያው ክፍል የታየው በመጨረሻ ነው። ከወገቡ ጀምረህ እየተረክህ ሰው አልሰማኝም ብትል ጥፋቱ የአድማጩ አይደለም። የቀረጻው ስልት ግን ለሌሎች ተረፈ። የፋየርፍላይ ሠሪዎች በኮምፒዩተር የተሠራውን የሕዋ ትዕይንት ጭምር አንድ ሰው በእጁ ይዞ እንደሚቀርጸው አስመሰሉት፤ ካሜራው መርከቧን ይፈልጋታል፣ ያጣታል፣ ዙም ያደርጋል፣ ትኩረቱ ጠፍቶ ይመለሳል። ይህን የሠራው «ዞይክ» የተባለ ድርጅት በኋላ በባትልስታር መነሻ ሥራም ላይ ተሳትፏል። አሁን በየፊልሙ የምናየው የሕዋ ካሜራ አለመርጋት ብዙው ሦስት ወር ብቻ በአየር ላይ ከቆየው ከዚህ ተከታታይ የተወረሰ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ካሜራ ማንቀጥቀጥ የዘመኑ ልጆች የፈጠሩት አይደለም። በ1966 በጀመረው «ስታር ትሬክ» ውስጥ መርከቧ በጠላት ስትመታ የሚታየው ትዕይንት የተሠራው ካሜራው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ሲል ተዋንያኑ ደግሞ በተነገራቸው አቅጣጫ ከወንበራቸው እየተወረወሩ ነበር። ወለሉ አይነቃነቅም፤ ግድግዳው አይነቃነቅም፤ ዐይናችንን የሚያታልለው የካሜራው መዘንበል ብቻ ነው። ልዩነቱ ያን ጊዜ መንቀጥቀጡ ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠ መሆኑ ነው፤ በኋላ ዘመን ሰዎች ቡና ይዘው ሲነጋገሩም የማይቀር ሆነ።

እዚህ ላይ የእኛን የጎንደር ተመልካቾች ጉዳይ በተለይ ላነሣ እፈልጋለሁ፤ ከወዳጆቼ ጋር ስንከራከር ሳናውቀው የተለያየ ነገር ስናይ እንደኖርን የገባኝ በዚህ ነውና። ዩኒቨርስን መጀመሪያ ያየነው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በላፕቶፕ ነበር። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ፀሐዩ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ያርፋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ፀሐይ ቀላል አይደለም። ፊት ሲጨልም፣ ግድግዳ ሲጨልም፣ ከጥቁር ስክሪን ውስጥ የራሳችንን ፊት ማየት ጀመርን። አንዱ ተነሥቶ ጋቢውን በመስኮቱ ላይ በሚስማር ሰቀለው። ክፍሉ ጨለመ፣ ምስሉ ግን አልጠራም፤ ጨለማው ራሱ እንደ ሰሌዳ ተከፋፍሎ፣ ሰው በተራመደ ቁጥር አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ከኋላው ይከተሉት ነበር። «ይህ ነው እንግዲህ የሚያደንቁት ቀረጻ?» አለ የጋቢው ባለቤት። ማናችንም መልስ አልነበረንም።

መልሱ ያለው በፋይሉ ውስጥ ነው። የቪዲዮ ፋይል በሰከንድ ከሚያልፉት 24 ያህል ምስሎች ሁሉንም በሙሉ አያስቀምጥም። ጥቂቶቹን ብቻ በሙሉ ይይዝና ለቀሩት ከጎናቸው ካለው ምስል የተለየውን ብቻ ይመዘግባል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ቆሞ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ የሚለወጠው ከንፈራቸውና እጃቸው ነው፤ ግድግዳው አንዴ ከተመዘገበ በቂ ነው። ካሜራው ትከሻ ላይ ሲወጣ ግን ግድግዳው፣ በሩ፣ መብራቱ ሁሉ በየምስሉ ቦታውን ይለቃል። መላው ምስል ወደ አንድ ጎን ብቻ ቢገፋ ኮምፒዩተሩ ይህን አውቆ ማስታወሻውን ያሳጥር ነበር፤ የሰው ትከሻ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም ይላል፣ መሐል ላይም ዙም ይጨመርበታል፣ ትኩረት ይጠፋል። መመዝገብ ያለበት ነገር በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። የ44 ደቂቃ አንድ ክፍል በፍላሽ ብዙ እንዲያዝ ተብሎ ወደ 200 ሜጋባይት ተጨምቆ ይመጣል እንበል። 44 ደቂቃ 2,640 ሰከንድ ነው፤ ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው ከነድምፁ 75 ኪሎባይት ገደማ፣ ለአንድ ምስል ደግሞ 3 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው። በሞባይላችን የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ 2 እና 3 ሜጋባይት ይመዝናል። ፋይሉን የሚጨምቀው ፕሮግራም ይህን ያህል ሲጨንቀው በመጀመሪያ የሚጥለው በጥቁርና በጥቁር መካከል ያለውን ስስ ልዩነት ነው፤ ዐይን አያየውም ብሎ ስለሚገምት። የዩኒቨርስ ቀራጮች ግን ሥራቸውን ያስቀመጡት በትክክል እዚያ፣ በጥቁርና በጥቁር መካከል ነው። ስለዚህ የሚንቀጠቀጥ ካሜራና የጨለመ ብርሃን የተጣመሩበት ተከታታይ ወደ እኛ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ኤስጂ ዋን ግን በዚያው መጠን ተጨምቆ ደኅና ይታያል። አንዱ የሚያወድሰውን ሌላው የሚያወግዘው ጣዕማቸው ስለተለያየ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ትልቁን ፋይል፣ ሌላው ትንሹን ስላየ ጭምር ነው። ይህንን ያረጋገጥኩት ከወራት በኋላ ያንኑ ክፍል በሰባት እጥፍ በሚበልጥ ፋይል፣ ማታ፣ መብራት አጥፍቼ ሳይ ነው። የመርከቧ ግድግዳ ዝገት እንዳለበት ያን ጊዜ አየሁ።

ይህን ስል ለዩኒቨርስ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። በእኔ ግምት ድካሙ የመጀመሪያዎቹ አሥር ክፍሎች ናቸው፤ ውኃ አለቀ፣ አየር አለቀ፣ ኃይል አለቀ እያሉ ችግር ይደረድራሉ እንጂ ሰዎቹን ለመውደድ ጊዜ አይሰጡም። የእጅ ካሜራ ተመልካቹን ወደ ሰዎቹ ያስጠጋል፤ የቀረብነው ሰው የሚወደድ ካልሆነ ግን ቅርበቱ ይከብዳል። ይህ የጽሑፉ ጉድለት ነው። ሁለተኛው ሲዝን አርሞታል፤ ማክሰኞ ማታ የሚያየው ሰው በቀነሰበት ጊዜ።

ወደ ቆጠራው ስንመለስ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በአሜሪካ ለአሥርተ ዓመታት የተከታታይ ፊልም ዕድሜ የሚወሰነው «ኒልሰን» የተባለው ድርጅት በናሙና በመረጣቸው ቤቶች ውስጥ በሚታየው ነበር፤ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ከሁሉ አብልጠው የሚከፍሉትም ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 49 ለሆኑት ተመልካቾች ነበር። የተቀረው ሰው ቢወድም ቢጠላም ሚዛን አይደፋም ነበር። ስታር ትሬክ በሁለተኛው ሲዝኑ ሊቋረጥ ሲል ወዳጆቹ ደብዳቤ እየጻፉ ኤንቢሲን አጨናነቁት፤ በመጋቢት 1968 ቻናሉ ተከታታዩ እንደሚቀጥል በራሱ አየር ላይ አስነገረ። ከዚያም በእኛ አቆጣጠር ዓርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ወጣቱ ከቤት በሚወጣበት ሰዓት፣ በተቀነሰ በጀት አስቀመጠው፤ በ1969 በ79ኛው ክፍል አበቃ። የሚገርመው ከተቋረጠ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ በየከተማው ያሉ ጣቢያዎች ክፍሎቹን ገዝተው በየዕለቱ ሲያሳዩት ተወዳጅነቱ በመጀመሪያው ጊዜ ከነበረው በለጠ። ሰው ሳይጠፋ፣ የተቆጠረበት ሰዓት ነበር የተሳሳተው።

ደብዳቤ ከመጻፍ የባሰም ተሞክሯል። በ2007 ሲቢኤስ «ጄሪኮ» የተባለውን ሲያቋርጥ ወዳጆቹ በመጨረሻው ክፍል የተነገረውን «ነትስ» የሚል ቃል (እንደ ኦቾሎኒ ያለ ፍሬ ማለት ነው፤ እምቢታንም ይገልጻል) ይዘው በብዙ ቶን የሚቆጠር ኦቾሎኒ ወደ ቻናሉ ጽሕፈት ቤት ላኩ፤ ሰባት ተጨማሪ ክፍል አገኙ። «ፋርስኬፕ» በ2002 ከነምስጢሩ ሲቆረጥ ወዳጆቹ ባደረጉት ውትወታ በ2004 መቋጫ የሚሆን አጭር ተከታታይ ተሠራ። እነዚህ ድሎች እውነተኛ ናቸው፤ ግን ሁሉም አጫጭር ናቸው። ጩኸት ወዳጅ መኖሩን ያሳያል እንጂ የጎደለውን ሒሳብ አይሞላም።

ሒሳብ የሚሞላው ባለቤትነት ሲስተካከል ነው፤ ለዚህ ከ«ዘ ኤክስፓንስ» የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ሳይፋይ በግንቦት 2018 ከሦስት ሲዝን በኋላ አቆመው። ተቺዎች ያደነቁት፣ ካሜራው ያላስቀየመ፣ ሳይንሱም የተመሰገነ ነበር። ችግሩ ቻናሉ የነበረው መብት በአሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን የቴሌቪዥን ስርጭት ብቻ መሆኑ ነው። ሰው በማግሥቱ በኢንተርኔት ቢያየው፣ በውጭ አገር ቢታይ፣ ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ወደ ቻናሉ አይገባም። ማለትም አንድ ሰው ተከታታዩን እጅግ ወዶ በፈለገው ጊዜ ባየው ቁጥር፣ በቻናሉ መዝገብ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል። ወዳጆቹ በሲያትል በአማዞን ጽሕፈት ቤት ላይ ሰንደቅ የሚጎትት አውሮፕላን እስከ መከራየት ደረሱ፤ በዚያው ወር አማዞን ወሰደው፤ በጥር 2022 በስድስተኛው ሲዝን በ62 ክፍል ተቋጨ። አውሮፕላኑ ረድቷል ብዬ አምናለሁ። ዋናው ግን የሠራው ድርጅት መብቱን በእጁ ስለያዘ ወደ ሌላ ቤት ይዞት መሄድ መቻሉ ነው። ዩኒቨርስ ይህ ዕድል አልነበረውም፤ ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ከአበዳሪዎች ጋር ነበርና።

በኢንተርኔት የሚያሠራጩት ድርጅቶች ሲመጡ የሰዓት ነገር ቀረ፤ ቆጠራው ግን ጠበቀ እንጂ አልላላም። አሁን የሚታወቀው ስንት ሰው እንደጀመረ ብቻ አይደለም፤ ስንቱ እስከ መጨረሻው እንደደረሰና በየትኛው ደቂቃ እንደተወውም ነው። የኔትፍሊክሱ ቴድ ሳራንዶስ በጥር 2023 የተሳካ ተከታታይ አቋርጠን አናውቅም፣ ጥቂት ሰው የሚያየው በጥቂት በጀት፣ ብዙ ሰው የሚያየው በብዙ በጀት ሊሠራ ይገባል የሚል ትርጉም ያለው አስተያየት ሰጥተዋል። ይህን ያሉት «1899» የተባለው የጀርመን ተከታታይ ከታየ አንድ ወር ተኩል ያህል ብቻ ቆይቶ መቋረጡ በተነገረበት ወር ነው። የዚያ ሥራ ደራሲዎች ምስጢሩን በሦስት ሲዝን ለመፍታት ነበር ያቀዱት፤ ያየነው ቋጠሮውን ብቻ ነው።

የቀረጻ ስልት በእውነት ከመቋረጥ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ በዋጋ በኩል። 1899 የተቀረጸው በርሊን አጠገብ በባቤልስበርግ ስቱዲዮ፣ በትልቅ የኤልኢዲ ግድግዳ ፊት ነው። በ2019 በጀመረው «ዘ ማንዳሎሪያን» የታወቀው ይህ ዘዴ በግማሽ ክብ የቆመ ግዙፍ ስክሪን ላይ ባሕሩን ወይም በረሃውን ያሳያል፤ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ከኋላ ያለው ምስል ከእርሱ ጋር እየተስተካከለ ይሄዳል፤ የስክሪኑ ብርሃን ደግሞ በተዋናዩ ፊትና ልብስ ላይ ያርፋል። ለጀምበር መጥለቂያ ሰዓት ለስላሳ ብርሃን እጅግ ይስማማዋል፤ የቀትር ፀሐይን ጠንካራ ጥላ ማውጣት ግን ይቸግረዋል። እኛ የቀትር ፀሐይ ልጆች ነንና ሐሰቱ ቶሎ ይታወቀናል፤ ፋሲል ግንብ ውስጥ በስድስት ሰዓት የቆመ ሰው ጥላው እግሩ ሥር እንዴት ጠቁሮ እንደሚተኛ ያውቃል። ይህን ግድግዳ ማቆም ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ተከታታዩ ከመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ሕዝብ ማምጣት ይጠበቅበታል። የእጅ ካሜራ በአንጻሩ ብርሃን ለማስተካከልና ካሜራው የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ለመዘርጋት የሚባክነውን ሰዓት ያሳጥራል፤ ስለዚህ የሚንቀጠቀጠው ካሜራ ብዙ ጊዜ የተከታታዩን ዕድሜ ከማሳጠር ይልቅ ወጪውን ያቀልለታል።

ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ የያዘው «አንዶር» ነው። በ2022 ሲጀምር የኤልኢዲውን ግድግዳ ትቶ በእውነተኛ ቦታዎችና በተገነቡ ከተሞች ተቀረጸ፤ ይህ ርካሽ አልነበረም። ደራሲው ቶኒ ጊልሮይ መጀመሪያ አምስት ሲዝን አስቦ፣ በዚያ ዓይነት አሠራር እንደማይቻል ሲረዳ ራሱ ወደ ሁለት አጠፈው፤ በግንቦት 2025 በ24ኛው ክፍል ቋጨው። ሌላ ሰው መጥቶ ከመቁረጡ በፊት የራሱን ጨርቅ ለክቶ የቆረጠ ደራሲ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ ይህ ነው። ሁሉም ደራሲ ግን ይህን የመምረጥ መብት የለውም።

የእኛን አገር ተከታታይ ድራማዎች የሚከታተል ሰው ይህ ነገር አይገርመውም። እዚህም ስፖንሰር ሲጠፋ ድራማው ይቆማል፤ ቀረጻው አምሮ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ልዩነቱ እዚህ የሚሠራውን ስናይ ቢያንስ በቁጥር ውስጥ ልንገባ መቻላችን ነው፤ የውጭውን በፍላሽ ስናይ ግን አንቆጠርም። በኒልሰን ናሙና ውስጥ የለንም፤ በኔትፍሊክስ መዝገብ ላይ እስከ መጨረሻ ያዩ ተብለን አልተጻፍንም። በአንድ ሱቅ ኮምፒዩተር ላይ ሃምሳ ጊዜ የተገለበጠ ተከታታይ ለሠሪው ዜሮ ነው። ይህን የምለው ወዳጆቼን ለመክሰስ አይደለም፤ ለአገልግሎቱ መክፈያ የሚሆን የውጭ ምንዛሬ ካርድ የሌለው ተማሪ ሌላ መንገድ አላገኘም። ግን «ይህን የመሰለ ሥራ እንዴት ያቋርጣሉ?» ብለን ስንቆጣ፣ እነርሱ ከማያውቋቸው ብዙ ሺዎች መካከል መሆናችንን አብረን ልናስታውስ ይገባል።

ልጁ ትቶት የሄደውን ዩኒቨርስ በቅርቡ እንደገና ከወዳጆቼ ጋር አየነው፤ በዚህ ጊዜ በትልቁ ፋይል፣ ማታ። በመጨረሻው ክፍል መርከቧ በሁለት ጋላክሲዎች መካከል ያለውን ባዶ ለመሻገር ዓመታት ስለሚፈጅባት ሁሉም ወደ ማቆያ ሣጥን ገብተው ይተኛሉ። አንዱ ሣጥን ተበላሽቷል። ወጣቱ ኢላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊጠግነው ብቻውን ይቀራል፤ በየተራ እየጠፉ ባሉ መብራቶች መካከል ወደ መስኮቱ ሄዶ ወደ ውጭ ይመለከታል። ጋቢውን የሰቀለው ወዳጃችን «ይህ መጨረሻ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አይገኝም» አለ። ሌላው «ሣጥኑ ተጠገነ ወይስ አልተጠገነም? እርሱን ሳይነግሩኝ ምኑ ነው መጨረሻው?» ብሎ ተነሣ። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ አላበቃም፤ ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ጊዜ በጨለማው ውስጥ ቀጥሎ ነበር። በማግሥቱ ወደ ፒያሳው ሱቅ ሄጄ ለባለሱቁ ትልቁን ፋይል ሰጠኋቸውና ያ ልጅ ተመልሶ ከመጣ ይህን እንዲጭኑለት ለመንኳቸው።